ወፎች ዜማቸውን ከማን ይማራሉ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ዘማሪ ወፎች የቀረቡ ናቸው። ከተለያየ ቦታ ቢላኩም የአንዱ መልስ ለሌላው መንደርደሪያ ስለሚሆን በአንድነት አቅርበናቸዋል። የጠያቂዎቹን ስም ትተን የሚኖሩበትን ቦታ ብቻ ጠቅሰናል። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሁለት ወገን ሆነው ተከራከሩ። ግማሾቹ «አውራ ዶሮ ማንም ሳያስተምረው ይጮኻል፤ የወፍ ዜማም እንደዚሁ አብሮት የሚወለድ ነው» ሲሉ፣ ሌሎቹ «በቀቀን የሰው ንግግር ይማር የለም ወይ?» ብለው ሞገቱ። የትኞቹ ናቸው ልክ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች ስለጠቀሱት ወፍ የተናገሩት ልክ ነው፤ ያላግባባቸው የተለያዩ ወፎችን ይዘው መከራከራቸው ነው። አውራ ዶሮ በእርግጥ መምህር አያሻውም። ትውልደ ጃፓን የሆነው ተመራማሪ ማሳካዙ ኮኒሺ በ1963 ባወጣው ጥናት፣ ዶሮዎች የመስማት ችሎታቸውን ቢያጡም ድምፃቸው ከሌሎች ዶሮዎች ድምፅ እንደማይለይ አሳይቷል። እርግብና ዋኔም እንዲሁ ናቸው። ድምፃቸውን ከሌላ ሰምተው የሚማሩት ወፎች በዋናነት ሦስት ወገን ሲሆኑ፣ እነርሱም በቀቀኖች፣ በአሜሪካ አህጉራት ብቻ የሚገኙት ሃሚንግበርዶችና ዘማሪ ወፎች ናቸው። ይህ ሦስተኛው ወገን እጅግ ሰፊ ነው፤ ወደ 5,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ስለሚይዝ በዓለም ካሉት የወፍ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉን ይሸፍናል። የግቢያችን ድንቢጥ፣ ጎጆውን ከሣር እየጎነጎነ ከቅርንጫፍ ላይ የሚያንጠለጥለው ቢጫ ወፍ፣ ለጆሮ የማይመስል ቢሆንም ቁራ ራሱ፣ ሁሉም የዚህ ወገን አባላት ናቸው።

መማራቸውን በማስረጃ ያረጋገጠው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የተሠራው የዊልያም ቶርፕ ጥናት ነው። ቶርፕ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን፣ ድምፅን በወረቀት ላይ በሥዕል መልክ የሚያወጣውን መሣሪያ ተጠቅሞ፣ ቻፊንች የተባለውን የአውሮፓ ትንሽ ወፍ ዜማ መረመረ። ከጫጩትነቱ ጀምሮ የሌላ ቻፊንች ድምፅ ሳይሰማ ያደገ ወፍ መዝፈኑ አልቀረም፤ የዜማው ርዝመትም ከሌሎቹ ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን ዜማው በሐረግ በሐረግ አይከፋፈልም፣ የዝርያው መለያ የሆነውም የመዝጊያ ጌጥ አይገኝበትም።

የቶርፕ ተማሪ የነበረው ፒተር ማርለር ደግሞ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በራሱ ላይ ነጭ መስመር ያለውን የአሜሪካ ድንቢጥ አጠና። የዚህ ድንቢጥ ዜማ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ከሠፈር ሠፈር ይለያያል፤ ጆሮው የሠለጠነ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዜማውን በመስማት ብቻ የት እንዳለ ሊናገር ይችላል። ማርለር ጫጩቶቹን ለብቻቸው አሳድጎ በድምፅ ማጉያ የተቀዳ ዜማ አሰማቸው። ከተፈለፈሉ ከ10ኛው እስከ 50ኛው ቀን ባለው ጊዜ የሰሙትን ዜማ ያዙት፤ ዘግይተው የሰሙት ግን ምንም አልተማሩም። የሁለት ዝርያዎችን ዜማ አቀላቅሎ ሲያሰማቸውም የራሳቸውን ዝርያ ዜማ ለይተው ያዙ። ይህ ሁለተኛው ውጤት ለተማሪዎችዎ ክርክር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ዜማው ራሱ ከወፉ ጋር ባይወለድም፣ ጆሮውን ወደ የትኛው ዜማ ማዘንበል እንዳለበት የሚነግረው ዝንባሌ ግን አብሮት ይወለዳል።

ኮኒሺ በ1965 ባሳተመው ሌላ ጥናት በዚህ ላይ አንድ ወሳኝ ነገር ጨመረ። ድንቢጡ ዜማውን በጫጩትነቱ በደንብ ከሰማ በኋላ፣ ገና መዝፈን ሳይጀምር መስማት ቢሳነው፣ የሚያወጣው ድምፅ መምህር ጨርሶ ካልነበረው ወፍ የባሰ የተበላሸ ይሆናል። ስለዚህ መስማት ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ በመጀመሪያ የመምህሩን ዜማ ለመያዝ፣ በኋላም የራሱን ድምፅ በልቡ ከያዘው ጋር ለማስተያየት።

የ50 ቀኑን ወሰን ግን እንደ ቁርጥ ሕግ ባያስተምሩት ይመረጣል። ሉዊስ ባፕቲስታ ከሥራ ባልደረባው ጋር በ1980ዎቹ እንዳሳየው፣ በድምፅ ማጉያ ፈንታ ሕያው ወፍ በአጠገባቸው ሲደረግላቸው እነዚሁ ድንቢጦች ከ50 ቀን በኋላም ይማራሉ፤ አልፎ ተርፎም የሌላ ዝርያ ዜማ ይቀበላሉ።

ጥያቄ፦ በልጅነቴ ዜማ ቤት ነበርሁ። እኛ የኔታ የሰጡንን ቀለም እዚያው ፊታቸው እየደገምን፣ ሲያርሙን እያረምን ነበር የምንይዘው። ወፍስ እንዴት ያጠናል? አእምሮውስ ዜማውን የሚይዘው የት ላይ ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ያነሡት የዜማ ቤት ሥርዓት ለንጽጽር የሚመች ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው ግን በጊዜ አከፋፈሉ ላይ ነው። የዜማ ቤት ተማሪ ሰምቶ ወዲያው ይደግማል፤ ወፍ ግን አስቀድሞ ዝም ብሎ ይሰማል፣ የሰማውን በልቡ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው አፉን የሚከፍተው። በአንዳንድ ዝርያዎች በመስማትና በመለማመድ መካከል ወራት ያልፋሉ፤ ልምምዱ ሲጀመር መምህሩ በአካባቢው ላይኖር ይችላል። አራሚው የገዛ ጆሮው ነው።

ይህን ሂደት ተመራማሪዎች በቅርበት የተከታተሉት ዜብራ ፊንች በተባለው የአውስትራሊያ ወፍ ላይ ነው፤ በቤት ውስጥ በቀላሉ ስለሚራባና በሦስት ወር ስለሚጎለምስ ለጥናት ይመቻል። በዚህ ዝርያ የሚዘምረው ወንዱ ብቻ ነው። ጫጩቱ በ20 ቀን ገደማ ከጎጆ ይወጣል፤ ከ25ኛው ቀን አንሥቶ እስከ 65ኛው ቀን ድረስ ባለው ጊዜ የአባቱን ወይም የሌላ ጎልማሳ ወንድ ዜማ ይይዛል። በ35ኛው ቀን አካባቢ በቅርንጫፍ ላይ ለብቻው ሲቀመጥ ቢያዩት፣ ምንቃሩን እምብዛም ሳይከፍት፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው፣ አንዴ የሚንጫጫ አንዴ የሚንሾካሾክ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲያወጣ ይሰሙታል። ማንንም አይጠራም፤ ማንንም አያባርርም፤ የሕፃን ልጅን መንተባተብ ይመስላል። ከዚያ ከሳምንት ሳምንት ድምፆቹ እየተለዩ፣ ቅደም ተከተላቸው እየተስተካከለ ይሄዳል፤ በ90ኛው ቀን ገደማ አንድ ሴኮንድ ያህል የሚረዝም ሐረግ ተስተካክሎ ይጸናል። ዜብራ ፊንች ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የሚዘምረው ያንኑ ሐረግ ነው።

ወደ አእምሮው ስንመጣ፣ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ፈርናንዶ ኖተቦም ከባልደረቦቹ ጋር በ1976 ካናሪ በተባለው፣ ሰዎች በቤት በሚያረቡት ዘማሪ ወፍ አንጎል ውስጥ ዜማን የሚመሩ የተያያዙ ክፍሎች መኖራቸውን አሳወቀ። ከእነዚህ ዋናው ኤች ቪ ሲ ተብሎ ይጠራል። በዜብራ ፊንች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከኤች ቪ ሲ ተነሥተው ወደ ድምፅ አመንጪው አካል ትእዛዝ የሚያስተላልፉት ነርቮች እያንዳንዳቸው በአንድ ሐረግ ውስጥ የሚሠሩት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለጥቂት ሺኛ ሴኮንድ ሆኖ ተገኝቷል፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። በ2008 ማይክል ሎንግና ሚካሌ ፊ ይህን ክፍል በጥቂት ዲግሪ ሲያቀዘቅዙት ዜማው ሳይበላሽ፣ አንድ ድምፅ ሳይጎድል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ቀስ አለ። የጊዜ አጠባበቁ ያለው እዚያ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ሙከራ ማሰብ ይከብዳል።

ለልምምዱ የሚያስፈልገው ሌላ መስመር ነው። በወጣት ወፍ አንጎል ውስጥ ሆን ብሎ ስሕተትን የሚያስገባ ክፍል አለ፤ ይህ ክፍል ለጊዜው ሥራ እንዲያቆም ሲደረግ የተንተባተበው ዜማ በአንድ ጊዜ የማይለዋወጥ ይሆናል፤ ወፉም ከዚያ በላይ መሻሻል አይችልም። ከሚሞክራቸው ልዩ ልዩ ድምፆች መካከል የተሻለውን ለመምረጥ የሚረዳው ደግሞ ዶፓሚን የተባለው፣ በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2016 በተደረገ ሙከራ፣ ወፉ ሲዘምር የገዛ ድምፁ ተበላሽቶ እንዲሰማው ሲደረግ ዶፓሚን የሚያመነጩት ነርቮች ሥራቸውን ቀነሱ፤ ይበላሻል ተብሎ የሚጠበቀው ድምፅ ሳይበላሽ ሲቀር ግን ጨመሩ።

እንቅልፍም ድርሻ አለው። በ2000 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወፉ ሲተኛ የአንጎሉ ነርቮች ቀን ሲዘምር ያሳዩትን ቅደም ተከተል እንደሚደግሙ አሳዩ። ይበልጥ የሚያስገርመው ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው ግኝት ነው፤ የወጣት ወፎች ዜማ በማለዳ ካለፈው ምሽት ይልቅ ተበላሽቶ ይገኛል፣ በጥቂት ሰዓት ልምምድም ይመለሳል፤ በማለዳ ይበልጥ የሚበላሽባቸውም በመጨረሻ የመምህራቸውን ዜማ ይበልጥ የመሰሉት ሆነው ተገኝተዋል።

ጥያቄ፦ በቤት ሠራተኝነት የምኖር ነኝ። የቤቱን ካናሪ የምንከባከበው እኔ ስሆን፣ በሐምሌ መጨረሻ ድንገት መዝፈን አቆመ። እመቤቲቱ «ምን አድርገሽው ነው?» እያሉኝ ነው። ዜማውን ረስቶት ይሆን? (ከዱባይ)

መልስ፦ ያለ አንዳች ጥፋትዎ የሆነ ነገር ይመስላል። ካናሪ የመራቢያ ወራቱ ሲያበቃ፣ በሞቃቱ ወራት መጨረሻ አሮጌ ላባውን ጥሎ አዲስ ያወጣል፤ በእነዚህ ሳምንታት ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። በጎጆው ወለል ላይ የወደቁ ላባዎች ካዩ ለእመቤቲቱ ያሳዩአቸው። የመራቢያ ወራት ሲያልፍ በደሙ ውስጥ ያለው ቴስቶስቴሮን የተባለ የወንድ ሆርሞን ይቀንሳል፣ ዜማን የሚመሩት የአንጎል ክፍሎችም ይኮማተራሉ። ካናሪ እንደ ዜብራ ፊንች በአንድ ሐረግ የሚወሰን አይደለም፤ በየዓመቱ ከዜማው የተወሰነውን ጥሎ አዲስ ይጨምራል። ኖተቦምና ባልደረባው በ1983 ጎልማሳ ካናሪዎች አዳዲስ የአንጎል ነርቮች እንደሚያበቅሉ ያሳዩትም ይህንኑ ሲከታተሉ ነው፤ የጎልማሳ አንጎል አዲስ ነርቭ አያበቅልም የሚለው የቆየ እምነት መናወጥ የጀመረው ከካናሪ ነበር ማለት ይቻላል። ወፉ ግን ላባውን ነፍቶ የሚቀመጥ፣ የማይበላ ወይም ሲተነፍስ የሚያቃጭል ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።

ጥያቄ፦ በግቢያችን እህል ሲነፋ የሚለቅሙ፣ ቀያይ ደቃቅ ወፎች አሉ። ከዛፉ አናት ላይ ደግሞ ብርማ ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ፣ ነጭ ምንቃር ያለው ጥቁር ወፍ ይቀመጣል። በዝናቡ ወራት ሲዘምር አልፎ አልፎ ልክ እንደ ቀዮቹ ያደርገዋል። ለምን ይሆን? (ከባቱ)

መልስ፦ ጆሮዎ በጣም ጥሩ ነው። በገለጻዎ መሠረት ቀዮቹ ቀይ ምንቃር ፋየርፊንች፣ ጥቁሩ ደግሞ ኢንዲጎበርድ የሚባለው ወፍ ወንዱ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ በብዛት ይገኛሉ። ኢንዲጎበርድ ጎጆ አይሠራም፤ ሴቷ እንቁላሏን በፋየርፊንች ጎጆ ውስጥ ትጥላለች። ጫጩቱ የአፉ ውስጥ ነጠብጣብ ከቤቱ ልጆች ጋር ስለሚመሳሰል አሳዳጊዎቹ ከልጆቻቸው ጋር አብረው ይቀልቡታል፤ እንደ ኩኩ ጫጩት የቤቱን ልጆች ከጎጆ አይጥላቸውም።

ኢንዲጎበርድ የአሳዳጊዎቹን ዜማ እንደሚቀዳ በ1960ዎቹ በሰፊው የገለጸው ጀርመናዊው ዩርገን ኒኮላይ ነው። ወንዱ ሲያድግ የገዛ ዝርያውን ጫጫታ ከአሳዳጊ አባቱ ዜማ ጋር እየቀላቀለ ይዘምራል። የሚቀረው ጥያቄ ይህ ከዘር የመጣ ነው ወይስ የተማረው ነው የሚለው ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ፔይን ከባልደረቦቹ ጋር የኢንዲጎበርድ ጫጩቶችን፣ በአፍሪካ በማይገኙ፣ ቤንጋሊዝ ፊንች በተባሉ የቤት ወፎች አሳደጋቸው። ወንዶቹ ሲጎለምሱ የፋየርፊንችን ሳይሆን የቤንጋሊዝ ፊንችን ዜማ ዘመሩ። ሴቶቹ አይዘምሩም፤ ትምህርቱ ግን አላለፋቸውም። እነርሱም የአሳዳጊዎቻቸውን ዜማ የሚቀዳ ወንድ መረጡ፣ እንቁላላቸውንም በእነዚያው አሳዳጊዎች ዝርያ ጎጆ ጣሉ።

ይህ ውጤት በዚህ ዓምድ ካነሣናቸው ሁሉ የሚልቅ ሆኖ ይታየኛል። በጎጆ ውስጥ የተሰማ ዜማ ለወንዱ የሚዘፍነውን፣ ለሴቷ የምትመርጠውን ባልና ልጇን የምታስቀምጥበትን ቤት ወሰነ። አንዲት ሴት በስሕተት በሌላ ዝርያ ጎጆ ብትጥል፣ ልጆቿ በዚያ ቤት ዜማ ስለሚያድጉና እርስ በርሳቸው ስለሚመራረጡ፣ ከጊዜ ብዛት ከወላጅ ዝርያቸው ሊለዩ ይችላሉ። የኢንዲጎበርድ ዝርያዎች በአፍሪካ የተበራከቱት በዚህ መንገድ እንደሆነ የዘረመል ጥናቶች ይደግፋሉ። የፋየርፊንች ዜማ የሌለበትን የጥቁሩን ወፍ ጫጫታ ደግሞ ከጎረቤት ጎልማሳ ወንዶች ይማረዋል፤ ስለዚህ በባቱ የሚሰሙት ራቅ ብሎ ካለው ቦታ ሊለይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአውሮፓ ክረምቱን ለማሳለፍ ወደ እኛ አገር የሚወርዱ ወፎች የአገራችንን ወፎች ዜማ ይዘው ይመለሳሉ? (ከብራስልስ)

መልስ፦ አንዱ በእርግጥ ይመለሳል፤ ማስረጃውም የተገኘው እርስዎ ባሉበት አገር ነው። ማርሽ ዋርብለር የተባለው ወፍ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ መልኩም ቡናማ ብቻ የሆነ፣ በዓይን ብቻ የሚያየው ሰው ልብ የማይለው ፍጥረት ነው። በግንቦት ወደ ቤልጅየም ሲደርስ ግን ያለማቋረጥ የሌሎች ወፎችን ድምፅ እያፈራረቀ ይዘምራል። ፍራንስዋዝ ዳውሴት ለሜር በ1979 ባሳተመችው ጥናት፣ አንድ ወንድ በአማካይ የ76 ዝርያዎችን ድምፅ እንደሚቀዳ፣ ከእነዚህም 45ቱ ያህል የአፍሪካ ወፎች እንደሆኑ አሳየች። ከመረመረቻቸው ወንዶች ሁሉ የለየቻቸው የተቀዱ ዝርያዎች በድምሩ 212 ሲሆኑ፣ 113ቱ አፍሪካውያን ነበሩ።

ከእነርሱ መካከል መኖሪያቸው ጠባብ የሆኑ፣ እንደ ቦራን ሲስቲኮላ ያሉ ይገኙበታል፤ ይህ ትንሽ ወፍ የሚኖረው በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች ነው። ስለዚህ የዋርብለሩ ዜማ በራሱ የጉዞው መዝገብ ሆኖ አገልግሏል፤ በመስከረምና በጥቅምት በኢትዮጵያ በኩል እንደሚያልፍ ለማስረዳት ያገለገለው አንዱ ማስረጃ ከአፉ የወጣው ድምፅ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚማርበት ሁኔታም ልዩ ነው። አባቱ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አብዛኛውን ጊዜ መዝፈን አቁሞ ስለሚገኝ፣ ጫጩቱ ከወላጁ የሚሰማው ዜማ የለም ማለት ይቻላል። ዜማውን የሚሰበስበው በመጀመሪያው ዓመቱ፣ ከተወለደበት ሜዳ ጀምሮ በመንገዱ ላይ ካሉት ወፎች ነው። በሚቀጥለው ግንቦት ሲዘምር፣ እግሩ ከረገጠ ወራት ባለፉት ቦታ የሰማውን ነው የሚያሰማው።

ጥያቄ፦ ለሊት ሠርቼ በማለዳ ስመለስ፣ ጉሮሮዋ ነጭ የሆነ ድንቢጥ ቀጭን ፉጨት ስታፏጭ እሰማለሁ። የወፍ ዜማ እንደ ሰው ዘፈን ከጊዜ ጋር ይለወጣል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ የሚሰሟት በካናዳ የምትራባና ክረምቱን ወደ ደቡብ ወርዳ የምታሳልፍ ናት፤ ለጥያቄዎም ከእርሷ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዜማዋ ቀድሞ በካናዳ ሁሉ የሚያበቃው ሦስት ሦስት በሆኑ ድምፆች ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በምዕራቡ ጫፍ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ መጨረሻው ሁለት ሁለት የሆነ ዜማ መሰማት ጀመረ። ኬን ኦተርና ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2019 የተቀዱ ከ1,700 በላይ ድምፆችን አነጻጽረው፣ አዲሱ ዜማ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተስፋፍቶ አሮጌውን እየተካ መሆኑን አሳዩ። የምዕራብና የምሥራቅ ወፎች በክረምት በአንድ አካባቢ ስለሚገናኙ፣ ወጣቶቹ አዲሱን ዜማ እዚያ ሰምተው ወደየመወለጃቸው እንደወሰዱት ይታመናል። ለማለዳው ፉጨት ጆሮ ሰጥተው መጨረሻው ሦስት ሦስት ወይስ ሁለት ሁለት እንደሆነ ቢቆጥሩ መልካም ነው።

ዜማ እንደሚዛመት ሁሉ ይጠፋል። በአውስትራሊያ የሚገኘው ሪጀንት ሃኒኢተር የተባለ ወፍ ቁጥሩ ወደ ጥቂት መቶዎች ስለወረደ፣ ወጣት ወንዶች የሚማሩበት ጎልማሳ እያጡ ነው። በ2021 በወጣ ጥናት ከወንዶቹ 12 በመቶ ያህሉ የራሳቸውን ዝርያ ዜማ ትተው የሌሎችን ወፎች ድምፅ ሲዘምሩ ተገኙ፤ ሴቶቹም እንዲህ ያለውን ወንድ እምብዛም አይቀበሉትም። በእንስሳት ማቆያ ለሚራቡት ወጣቶች የተቀዳ ዜማ ማሰማት ተሞክሯል፤ የተሻለ ውጤት የተገኘው ግን ከዱር የመጡ ጎልማሳ ወንዶች መምህር ሆነው በአጠገባቸው ሲቀመጡ ነው። ይህም ቀደም ሲል ከጠቀስነው ከባፕቲስታ ሥራ ጋር ይስማማል።

ጥያቄ፦ በሐይቁ ዳር ካሉት ዛፎች ሁለት ወፎች እየተቀባበሉ ሲዘምሩ አንድ ወፍ ይመስላሉ። ሁለቱም ወንዶች ናቸው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ምናልባት አይደሉም፤ ባልና ሚስት ሳይሆኑ አይቀሩም። ከጀርባው ጥቁር፣ ከደረቱ ነጭ የሆነው፣ በቁጥቋጦ ውስጥ መደበቅ የሚወደው ቡቡ በዚህ የታወቀ ነው። ቶርፕ በ1960ዎቹ የቡቡን ዘመዶች በምሥራቅ አፍሪካ አጥንቶ፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው የሚቀበልበት ጊዜ ከሩብ ሴኮንድ ያነሰ እንደሆነ ለክቷል። ጥንዶቹ የየራሳቸው አቀባበል አላቸው።

በስምጥ ሸለቆ ግራሮች ላይ የሣር ጎጆ የሚሠራው፣ ቅንድቡ ነጭ የሆነው ድንቢጥ መሳይ ወፍም እንዲሁ ነው። የጀርመን ማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች በካላሃሪ በረሃ አካሂደው በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በነጻነት በሚበሩ ጥንዶች ላይ ትንንሽ ማስተላለፊያዎች ተገጥመው የሁለቱም አንጎል በአንድ ጊዜ ተለካ፤ የአንዱ ድምፅ ሲሰማ የሌላው ኤች ቪ ሲ ምት ተለውጦ የሁለቱም እኩል ሆነ። ሴት ወፍ አትዘምርም የሚለው አስተሳሰብ የመጣው አብዛኛው የቀድሞ ጥናት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ስለተሠራ ነው፤ በ2014 የወጣ የዓለም አቀፍ ንጽጽር መረጃ ከተገኘላቸው ዘማሪ ዝርያዎች በ71 በመቶው ሴቶቹም እንደሚዘምሩ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። ጎብኚዎች ወፉን በቅርብ እንዲያዩት በስልኬ የዝርያውን ዜማ አሰማለሁ፤ ወዲያው ይመጣል። ጉዳት አለው? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ አለው፤ መጠኑ ግን በአጠቃቀምዎ ይወሰናል። ወፉ ለስልክዎ የሚመጣው ግዛቱን የሚነጥቀው ባላጋራ የመጣ ስለሚመስለው ነው። ጆን ክሬብስ በ1970ዎቹ በኦክስፎርድ አቅራቢያ ባለው ዋይተም ጫካ፣ ግሬት ቲት የተባሉ ወፎችን ከግዛታቸው አንሥቶ በአንዳንዱ ቦታ ዜማቸውን የሚያሰማ ማጉያ ተከለ፣ በአንዳንዱ የዋሽንት ድምፅ አሰማ፣ ሌላውን ዝም ብሎ ተወው። ዝም የተባለውና ዋሽንት የሚሰማበት ቦታ ፈጥኖ በሌሎች ወፎች ተያዘ፤ ዜማው የሚሰማበት ግን ዘግይቶ ተያዘ። ድምፅ ብቻውን አጥር ሆኖ ሠራ ማለት ነው።

ባለ ግዛቱ ጎረቤቶቹን በድምፅ ያውቃቸዋል። በ1991 በአሜሪካ በሁድድ ዋርብለር ላይ የወጣ ጥናት፣ ወንዱ ክረምቱን በመካከለኛው አሜሪካ አሳልፎ ሲመለስ ያለፈውን ዓመት ጎረቤቶች ዜማ ከነድንበራቸው እንደሚያስታውስ አሳይቷል፤ የጎረቤቱ ድምፅ በተለመደው ድንበር ሲሰማ አይቆጣም፣ በሌላ ድንበር ሲሰማ ግን ይቆጣል። ስልክዎ የሚያሰማው ድምፅ ከሁሉም የባሰ ነው፤ የማይታወቅ እንግዳ ነውና። ወፉ ምግብ መልቀሙን፣ ሚስቱንና ጎጆውን ትቶ ይመጣል፤ በየቀኑ ሌላ አስጎብኚም እንዲሁ ቢያደርግ ድካሙ ይደራረባል።

ስለዚህ ከጥቂት ሴኮንዶች በላይ አያሰሙ፤ ወፉ ከመለሰ ወይም ከታየ ያቁሙ፤ በጎጆ አጠገብና ጫጩት በሚቀለብበት ወቅት ይተዉት፤ አንድን ወፍ በተከታታይ ቀናት አይጥሩ። በመጥፋት አፋፍ ላይ ላሉት፣ ለምሳሌ በነጌሌ አቅራቢያ በሊበን ሜዳ ለሚኖረው የሊበን ላርክ፣ ጨርሶ ባይጠቀሙ ይሻላል። ይህ ወፍ በመራቢያው ወቅት ከሜዳው ወደ ላይ እየተነሣ ስለሚዘምር፣ በማለዳ ቀድሞ ደርሶ በትዕግሥት የሚጠብቅ ጎብኚ ያለ ስልክ ሊያየው ይችላል።